ከልባሽ ሹራብ እስከ ብርድ ልብስ፦ የኪሮሽ ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ አዲስ ክር መግዛት ከአቅሜ በላይ ስለሆነ ልባሽ ሹራብ ተርትሬ በኪሮሽ ብርድ ልብስ ልሠራ አስቤአለሁ። ምን ዓይነቱን ልምረጥ?

መልስ፦ ሹራቡን ከመግዛትዎ በፊት ገልብጠው የጎኑን ስፌት ይመልከቱ። ሁለቱ ጠርዞች ሳይቆረጡ ገጥመው በአንድ ክር ብቻ የተያያዙ ከሆነ፣ ያ ክር ሲመዘዝ ጀርባው፣ ፊቱና እጅጌዎቹ ይለያያሉ፤ እያንዳንዱም ሳይበጣጠስ ይተረተራል። ጠርዙ ተቆርጦ በማሽን የተዘመዘመ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ረድፍ ዳር ላይ ተቆርጧልና የሚያገኙት ከሹራቡ ወርድ የማይበልጥ ቁርጥራጭ ስለሆነ፣ መልኩ የቱንም ያህል ቢያምር ይተዉት። በሙቅ ውሃ ታጥቦ የተኮማተረ የሱፍ ሹራብም ክሩ እርስ በርሱ ስለተጣበቀ አይተረተርም። በእኔ እምነት ለጀማሪ የሚሻለው ክሩ ወፍራም፣ ልኩ ትልቅና ጌጡ ያነሰ ሹራብ ነው፤ ኪስና ጥልፍ ሲበዛ የሚበዛው የመቀስ ሥራ እንጂ ክር አይደለም።

ተርትረው እንደጨረሱ ወዲያው ሥራ አይጀምሩ። ክሩ የቀድሞውን ጥምዝምዝ ይዞ ስለሚቆይ ዐይኖቹ፣ ማለትም በኪሮሽ የሚሠሩት ቀለበቶች፣ እኩል አይወጡም። በወንበር መደገፊያ ላይ ጠምጥመው አራት ቦታ ላላ አድርገው ይቋጥሩት፤ ከዚያም ጥቂት ሳሙና የገባበት ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ አለቅልቀውና ሳያሹ ጨመቅ አድርገው ይስቀሉት። ሲደርቅ ይቃናል።

ጥያቄ፦ ወረቀቱ የጠፋ ጥቅል ክር በርካሽ አገኘሁ። ሱፍ ይሁን አክሪሊክ (ሰው ሠራሽ ክር) በምን ልለየው?

መልስ፦ ጣት የምታህል ቁራጭ በወረንጦ ይዘው፣ ውሃ ባለበት ሳህን ላይ ይለኩሷት። ሱፍ በዝግታ ነድዶ እሳቱ ሲርቅ ይጠፋል፤ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ ዐመዱም በጣት ይፈረፈራል። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ለስላሳ ግራጫ ዐመድ ይተዋል። አክሪሊክ ግን ይቀልጥና ሲቀዘቅዝ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይሆናል። ብዙ ሰው ክር የሚያዛምደው በቀለም ነው፤ እኔ ግን ከቀለሙ ይልቅ ዓይነቱን አስቀድማለሁ፤ ምክንያቱም ሱፍና አክሪሊክ ተቀላቅለው የተሠሩበት ብርድ ልብስ በሙቅ ውሃ ሲታሽ ሱፉ ይሰበሰብና አክሪሊኩ ባለበት ስለሚቀር ሥራው ሁሉ ይጨማደዳል።

ጥያቄ፦ ያለኝ ክር ይበቃኝ እንደሆነ ሳልጀምር ማወቅ እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ፤ የሚያስፈልግዎት የወጥ ቤት ሚዛን ብቻ ነው። በመረጡት አሠራር 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ መሞከሪያ ሠርተው ይመዝኑት። 120 በ150 ሴንቲ ሜትር የሆነ ብርድ ልብስ የዚህን 180 እጥፍ ስለሚሆን፣ መሞከሪያው 6 ግራም ቢመዝን 1,080 ግራም ክር ያስፈልጋል። ለጠርዝና ለጫፍ ማስገቢያ ከዚህ ላይ አንድ ዐሥረኛ ይጨምሩ። ሚዛኑ ትንሽ ክብደት በትክክል የማያነብ ከሆነ ትልቅ መሞከሪያ ሠርቶ ማካፈል ይሻላል።

ጥያቄ፦ የሰበሰብኳቸው ክሮች ውፍረታቸው የተለያየ ነው።

መልስ፦ ቀጫጭኖቹን ሁለት ሁለቱን አንድ ላይ ይዘው ይሥሩ። ውፍረታቸው መቀራረቡን ለማረጋገጥ ማስመሪያ ላይ ሳይጨናነቁ ጎን ለጎን ጠምጥመው፣ በ5 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ዙር እንደሚገባ ያነጻጽሩ።

ጥያቄ፦ ብርድ ልብሴ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር እየጠበበ መጣ። ለምን?

መልስ፦ ዐይን እየጎደለብዎት ነው። ረድፍ ሲያዞሩ የሚሠሩት 3 ሰንሰለት ብዙውን ጊዜ እንደ አንድ ዐይን ይቆጠራል፤ ተመልሰው ሲመጡ አናቱ ላይ መሥራት የሚረሳውም እሱ ነው። ሌላ ቀለም ያለው ቁራጭ ክር ሰንሰለቱ አናት ላይ አስረው ምልክት ያድርጉበት። እስካሁን የጠበበውን ግን እስከ መጀመሪያው ጉድለት ድረስ ከመተርተር ሌላ መላ የለውም።