«አሳስርልኝ» ከማለታችሁ በፊት

ልጆች፣ ጥብቅና ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። በእነዚህ ዓመታት ሥራ ከጀመሩ ወጣቶች አፍ አብዝቼ የሰማሁት ቃል «አሳስርልኝ» ነው። ብድሬን ካደኝ፣ አሳስርልኝ። ዕቃዬን ሰበረብኝ፣ አሳስርልኝ። ቃሉን አጠፈ፣ አሳስርልኝ። ንዴታችሁ ይገባኛል፤ የላባችሁ ፍሬ ነው። ድሮ በአገራችን ባለገንዘብና ባለዕዳ በሰንሰለት ወይም በነጠላ ጫፍ ይቆራኙ ነበር፣ ዕዳው እስኪከፈል አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ፤ «ቁራኛ» የምንለው እሱን ነው። ያ ልማድ ከቀረ ቆየ፤ ሐሳቡ ግን ከውስጣችን የወጣ አይመስለኝም። ዛሬም ገንዘብ የቀረበት ሰው መጀመሪያ የሚታየው እስር ቤት ነው።

ዕዳ አለመክፈል በራሱ ወንጀል አይደለም። ይህችን ብቻ ብትይዙልኝ ደስ ይለኛል። ብድር የወሰደ ሰው ኪሳራ ገጥሞት ባይከፍል ጉዳዩ የፍትሐ ብሔር ነው፤ እናንተ ከሳሽ ሆናችሁ ክስ ትመሠርታላችሁ፣ ገንዘባችሁን ከነወለዱ ትጠይቃላችሁ። ፖሊስ ጣቢያ መሄዱ ድካም ነው። ያው ሰው ግን ከመጀመሪያውም ሊከፍል ሳያስብ፣ የሌለ መጋዘን አለኝ ብሎ፣ የሐሰት ሰነድ አሳይቶ ከወሰደ፣ ያኔ ነገሩ ማታለል ነው፤ በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ ቁጥር 692 ይመለከተዋል። ልዩነቱ ያለው በሰውየው ሐሳብ ላይ ነው፤ ገንዘቡን ሲቀበል ምን አስቦ ነበር የሚለው። ይህን ደግሞ ማስረዳት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ወንጀሉን የሚከሰው ዐቃቤ ሕግ ነው፤ ዳኛው ጥርጣሬ ካደረበት ተከሳሹን በነፃ ይለቃል። በፍትሐ ብሔር ግን ማስረጃው ወደማን ያደላል ነው የሚባለው። ለዚህ ነው በወንጀል ነፃ የወጣ ሰው በዚያው ጉዳይ ካሳ ክፈል ሊባል የሚችለው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2149 በግልጽ ይለዋል። ደንበኞቼ ይህን ስነግራቸው ይገርማቸዋል።

ብድር ካነሣን አይቀር፣ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የ1952 ነው፤ ያኔ የተጻፈ አንድ ቁጥር እስከ ዛሬ ሰው ያስለቅሳል። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ችሎት ፊት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ብቻ ነው፤ ቁጥር 2472። አምስት መቶ ብር! ያኔ ብዙ ገንዘብ ነበር፣ ዛሬ የአንድ ምሳ ነው። ስለዚህ ለጓደኛህ ሁለት መቶ ሺህ ብር አበድረህ፣ አምስት ሰው እያየ ሰጥተህ፣ እሱ ችሎት ቀርቦ «አልተበደርኩም» ካለ ምስክሮችህ አይረዱህም። በሞባይል አስተላልፌለታለሁ ትለኛለህ። ደረሰኙ ገንዘቡ መሄዱን ያሳያል፤ ለምን እንደሄደ ግን አይናገርም። ስጦታ ነው፣ የዕቃ ዋጋ ነው፣ የድሮ ዕዳውን ነው የከፈለኝ ሊል ይችላል። አንድ ገጽ ወረቀት፣ የሁለታችሁ ፊርማ፣ የሁለት ምስክር ፊርማ፤ ይኼው ነው። ወዳጅን ማስፈረም ያሳፍራል የምትሉትን አውቃለሁ። እኔ ደግሞ በዚህ እፍረት የተነሣ ስንት ጓደኛሞች ችሎት ላይ ዓይን ለዓይን መተያየት አቅቷቸው እንዳየሁ አውቃለሁ።

አሁን ወደ ቼክ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ቆይታ ማድረግ እፈልጋለሁ። ወጣቶች የሚታሰሩበት ነገር ስለሆነ ነው። የግንባታ ዕቃ የሚያቀርብ ልጅ ነበር፣ ጎበዝ፣ ሠራተኛ። ብረት በዱቤ ሲወስድ ሻጩ «ለዋስትና ያህል ቼክ ስጠኝ፣ ባንክ አልወስደውም» አለው። ልጁ ፈርሞ ሰጠ፤ ቀኑን ባዶ ተወው። እሱ ዕቃ የሸጠለት ሰው ክፍያ አዘገየበት። ሻጩም ቀን ሞልቶ ባንክ ወሰደው፤ በቂ ስንቅ የለውም፣ ማለት ሒሳቡ ውስጥ በቂ ገንዘብ የለም፣ ተብሎ ተመለሰ። ቼክ በሕጋችን በቀረበበት ቀን የሚከፈል ሰነድ ነው፤ ከዚህ ሌላ የተባለው ነገር እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። «ለዋስትና ነው» የተባለው በመካከላቸው ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለው የልጁ ፊርማ ነው። ደረቅ ቼክ መስጠት በወንጀል ሕጉ ቁጥር 693 ያስጠይቃል፤ ነገሩ ከከበደ እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት ሊያደርስ ይችላል። ቅድም ዕዳ ወንጀል አይደለም አልኳችሁ፤ ቼክ ስትፈርሙ ግን ያንኑ ዕዳ በገዛ እጃችሁ ወደ ወንጀል መንደር ትወስዱታላችሁ። እና ደግሞ «ድርጅቱ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው፣ እኔን አይነካኝም» አትበሉ። ማኅበሩ የሚያድናችሁ ከማኅበሩ ዕዳ ነው። ቼኩ ላይ የፈረመው እጅ ግን የእናንተ ነው። ዋስትና ከተጠየቃችሁ ዋስ አቅርቡ፣ ንብረት አስይዙ፣ ውል ተፈራረሙ። ገንዘብ በሌለበት ሒሳብ ላይ ቼክ አትፈርሙ፤ እባካችሁ።

ሦስተኛው ነገር ወጣቶች ጨርሶ የማያውቁት ነው። ውል ሳይኖራችሁ፣ ወንጀልም ሳትሠሩ ካሳ ልትከፍሉ ትችላላችሁ። ሕጉ «ከውል ውጭ የሚደርስ ኃላፊነት» ይለዋል፤ ከቁጥር 2027 ጀምሮ ነው። መነሻው ቀላል ነው፤ በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ይክሳል። ግን ጥፋት ሳይኖርም የሚከፈልበት አለ። አንዱ ልጅ ለዴሊቨሪ ብሎ ሞተር ገዛ፤ ራሱ አይነዳም፣ ሌላ ልጅ ቀጥሮ ያሠራል። ሞተሩ መንገደኛ ገጨ። ባለሞተሩ እኔ ጋ ሲመጣ «እኔ እቤቴ ተኝቼ ነበር» አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ ተኝቶ ነበር። ቁጥር 2081 ግን የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት፣ የሚነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም፣ ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ተሰርቆብኝ ነበር ብሎ ካስረዳ ይድናል፤ ተኝቼ ነበር ማለት ግን አያድነውም። በዚያ ላይ ቀጣሪ ነው፤ ሠራተኛ በሥራው ላይ ሳለ ለሚያደርሰው ጉዳት አሠሪው ይጠየቃል። ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ የሚባለውን ነገር እንደ ትራፊክ ፖሊስ ማለፊያ ወረቀት ብቻ አትዩት።

ስለ ፍርድ ቤቶቹ ብዙ አልልም። በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛ፣ ጠቅላይ አሉ፤ ክልሎችም እንደዚሁ ሦስት ደረጃ አላቸው። ሰበር ሌላ ይግባኝ እንዳይመስላችሁ፤ እዚያ የሚታየው መሠረታዊ የሕግ ስህተት ነው፣ ምስክር እንደገና አይሰማም። የፌዴራል ሰበር አምስት ዳኞች ሆኖ የሰጠው የሕግ ትርጉም ግን በየትኛውም ደረጃ ያለን ፍርድ ቤት ያስገድዳል። ውሳኔዎቹ በቅጽ በቅጽ እየታተሙ ወጥተዋል፤ ነጋዴም ቢሆን ቢያነባቸው ይጠቀማል። የፍርድ ወረቀት መያዝ ደግሞ ገንዘብ መያዝ አይደለም። ከፍርድ በኋላ አፈጻጸም የሚባል ሌላ መዝገብ ይከፈታል፤ የተፈረደበት ሰው በስሙ ንብረት ከሌለው ልደታ ፍርድ ቤት ስትመላለሱ ትከርማላችሁ። ስለዚህ ውል ከመፈረማችሁ በፊት የምትፈራረሙት ሰው ማነው፣ የንግድ ምዝገባው ላይ ሥራ አስኪያጅ ተብሎ የተጻፈው እሱ ነው ወይ፣ ውክልና ካለው ውክልናው በውልና ማስረጃ የተመዘገበ ነው ወይ፣ ጠይቁ። የሚቀየም ካለ ይቀየም።

ሽምግልና የምንወድ ሕዝብ ነን፤ እኔም እወደዋለሁ። ብዙ መዝገብ በሽማግሌ ዘግቻለሁ፤ አሁን ፍርድ ቤቶቹም በአስማሚ የሚያስጨርሱበት አሠራር በ2013 በወጣው አዋጅ ገብቷል። ግን ሽማግሌ ሲመላለስ ቀን እንደሚቆጠር አትርሱ። በውል ጉዳይ ይርጋው፣ ማለት ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ በአብዛኛው አሥር ዓመት ነው። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ግን ሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ ቁጥር 2143። ጉዳቱ ከወንጀል የመጣ ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ ከረዘመ ያ ይያዛል፤ ካልሆነ ሁለት ዓመት።

የልብስ ስፌት ቤት የከፈተች ልጅ ነበረች። የጎረቤቷ ግድግዳ በክረምት ተደርምሶ አምስት ማሽኖቿን አደቀቀባት። ሕጉ ከእሷ ጋር ነበር፤ የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ሰውየውም «እከፍልሻለሁ፣ እኛኮ ቤተሰብ ነን» ብሏታል። ሽማግሌዎች ገቡ። ከፋሲካ በኋላ ተባለ፣ ቤቱን ልሽጥና አለ፣ ልጁ ታመመ። ማሽን ተከራይታ እየሠራች ጠበቀች። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ብር አልከፈላትም፣ አንድ ወረቀት ላይ አልፈረመላትም። ትንሽ ገንዘብ እንኳ ቢሰጣት፣ ወይም «ዕዳ አለብኝ» ብሎ የጻፈው ነገር ቢኖራት ይርጋው ተቋረጠ ብዬ የምከራከርበት ነበረኝ። እኔ ጋ ስትመጣ ግድግዳው ከወደቀ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆኖታል።

እንዲህም ሆኖ ክሱን አስገባን። ይርጋን ፍርድ ቤቱ በራሱ አያነሣም፤ ተከሳሹ ካላነሣው ክርክሩ ይቀጥላል። እሷ እርግጠኛ ነበረች፤ «ሽማግሌዎቹ ፊት ቃል ገብቷል፣ እንዲህ አያደርግም» አለችኝ። በቀጠሮው ቀን የመከላከያ መልሱን ከሬጅስትራር ወስደን ኮሪደሩ ላይ ቆመን ገለጥነው። የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ በሚለው ሥር የተጻፈው አንድ መስመር ነው፤ ክሱ በይርጋ ይታገዳል።