ደን ያረጃል ወይስ ይመናመናል?

ጥያቄ፦ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። ስለ ኢንዶኔዥያ ኢኮኖሚ የሚያትት ጽሑፍ ወደ አማርኛ ስመልስ ከባልደረቦቼ ጋር በአንድ ቃል አልተስማማንም። የነዳጁና የደኑ ማለቅ ከሀገር ገቢ ላይ ሲቀነስ፣ ማሽን ሲያረጅ እንደሚባለው «የእርጅና ቅናሽ» ልበለው፣ መመናመን ወይስ መሟጠጥ?

መልስ፦ «እርጅና»ን ለማሽን ይተዉለት። አረጀ የመጣው በአልፉ አ ከሚጻፈው ከግእዙ አረገ ነው፤ ገ ወደ ጀ ዞረ፣ አረጋዊም የዚያው ዘር ነው። አንዳንዱ «ዕርጅና» ብሎ በዐይኑ ይጽፈዋል። በዐይኑ ዐ የሚጻፈው ዐረገ ግን ወደ ላይ ወጣ ማለት ነው፤ ዕርገትን ያስገኘው እሱ ነው። ትራክተር ያረጃል እንጂ አያርግም። ዛፍ ደግሞ ዕድሜው በገፋ ቁጥር ግንዱ ይወፍራል፣ ዋጋውም ይጨምራል፤ ታዲያ ምኑ ነው በእርጅና የሚቀነሰው?

«ሒሳቡ አንድ ከሆነ ቃሉም አንድ ይሁን» የሚሉ አሉ። ባዶ ክርክር አይደለም። ኢኮኖሚስቱ ሮበርት ሬፔቶና ባልደረቦቹ በ1989 እ.ኤ.አ. ስለ ኢንዶኔዥያ ባወጡት ጥናት ያነሡት ነገር ይኸው ነበር፦ ማሽን ሲያረጅ ከገቢ ይቀነሳል፤ ነዳጅ ሲቀዳ፣ ደን ሲጨፈጨፍ፣ የጃቫ ደሴት አፈር ሲታጠብ ግን ስለ ምን አይቀነስም? ከ1971 እስከ 1984 በዓመት በአማካይ 7.1 በመቶ የተባለው ዕድገት፣ ሦስቱ ሲቀነሱ 4.0 በመቶ ሆነ። ንጽጽሩን እቀበላለሁ፤ ቃሉን ግን አልቀበልም። ሀብት እኮ (በሃሌታው ሀ፣ እባክዎ) ከወሀበ የወጣ ነው፤ ስጦታ ማለት ነው። የሒሳብ መዝገቡም ለዘመናት እንደ ነጻ ስጦታ ሲቆጥረው ኖሯል።

መሟጠጥ ከመጠጠ ነው፤ ቀለም መጣጩ ወረቀትና ሙጣጭ ዘመዶቹ ናቸው። (መጠጥን እዚህ አያስገቡብኝ፤ እሱ በባዕድ መ ከጠጣ የተበጀ ነው።) የተሟጠጠ ነገር ጠብታ የለውም። ከገቢው ላይ የሚነሣው ግን የዓመቱ ጉድለት ብቻ ነው፤ በደን ደግሞ ከተቆረጠው ላይ የበቀለው ታስቦለት የተረፈው ነው። ጥቂት በጥቂት መሳሳትን የሚናገረው መመናመን ነው።

እንከን የለውም አልልም፤ አድራጊውን ይሰውራል። በተባበሩት መንግሥታት የ2012 እ.ኤ.አ. የአካባቢና የኢኮኖሚ ሒሳብ ማዕቀፍ ከገቢ የሚቀነሰው ሰው አውጥቶ ያጎደለው ነው፤ ሰደድ እሳት የበላው ደን በዚህ ርእስ አይገባም። ስለዚህ «ማመናመን» ይሻል ነበር። ብዙ ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ ማንም አልተከተለኝም።

«ቅናሽ»ንም አልወደውም፤ የሱቅ ማስታወቂያ ይመስለኛል፣ «ተቀናሽ» ይበልጥብኛል። ነገር ግን የግብር ሕጉም ሒሳብ ሠራተኛውም «የእርጅና ቅናሽ» ብለው ጨርሰዋል፤ እኔ ብቻዬን ምን ላደርግ። ነዳጅንም ሰዉ «ተሟጠጠ» ይለዋል፤ ከጉድጓድ የሚቀዳ፣ የማይተካ ነገር ነውና ስሕተት ነው ለማለት አፌን ሞልቼ አልናገርም፣ ጆሮዬን ቢጎረብጠውም።

እንግዲህ በሠንጠረዡ አናት «የተፈጥሮ ሀብት መመናመን ወጪ» ብለው ይጻፉ። በነዳጁ ረድፍ ባልደረቦችዎ «መሟጠጥ» ካሉ እሺ ይበሏቸው፤ በደኑ ረድፍ ግን እንዳይስማሙ።