የኮሌስትሮል ምርመራ በሌለበት ጤና ጣቢያ ለልብ ሕመም የተጋለጡትን መለየት

ጠያቂያችን፣ ጤና ጣቢያዎ ባገኘው አነስተኛ በጀት ለልብ ሕመም የተጋለጡትን ለመለየት የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ የኢሲጂ ማሽን ይግዛ ወይስ የኮሌስትሮል መመርመሪያ ብለው ጠይቀዋል። በወረዳ ጤና ጣቢያ ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎችን ለዓመታት የተከታተልኩ ባለሙያ እንደመሆኔ፣ ሁለቱም ይቆዩ እላለሁ። ደህና የሆነ ኢሲጂ ሰውዬው ወደፊት አይታመምም ማለት አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያሻሻለው የተጋላጭነት ሠንጠረዥ ያለ ላቦራቶሪ የሚሠራ ዓይነትም አለው። ዕድሜን፣ ጾታን፣ ማጨስን፣ የላይኛውን የደም ግፊትና የክብደትና የቁመት ምጣኔን ብቻ ይዞ፣ ከ40 እስከ 74 ዓመት ያለ ሰው በ10 ዓመት ውስጥ በልብ ሕመም ወይም በስትሮክ የመያዝ ዕድሉን በመቶኛ ይገምታል። የስኳር ሕመምተኞችን አደጋ ግን አሳንሶ ስለሚያሳይ፣ የጣት ደም የሚለካው የስኳር መመርመሪያ ከእጅዎ አይጥፋ። ግፊቱ በተደጋጋሚ ተለክቶ 140/90 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ደግሞ ሠንጠረዡ ምንም ቢል ሕክምና ይጀምራል።

ገንዘቡን ጥራታቸው በተረጋገጠ አውቶማቲክ የግፊት መለኪያዎችና ለወፍራም ክንድ በሚሆን ሰፊ ካፍ (ክንድ ላይ በሚታሰረው የመለኪያው ክፍል) ላይ ያውሉት። ብዙ ቦታ የማየው፣ ታካሚው ከመንገድ እንደገባ፣ መደገፊያ በሌለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ እያወራ፣ ካፉ በኮቱ እጅጌ ላይ ሲታሰርለት ነው። እንዲህ የተገኘ ቁጥር ጤነኛውን የዕድሜ ልክ መድኃኒት ያስጀምረዋል። ቡና ከጠጣ ግማሽ ሰዓት ይቆይ፤ ጀርባውን ተደግፎ፣ እግሩን ሳያጣምር አምስት ደቂቃ ይረፍ፤ ከዚያ በባዶ ክንዱ ሁለት ጊዜ ይለካ።

በገበያ ቀን ድንኳን ተክሎ መለካት ብዙ ቁጥር ለሪፖርት ያስገኛል፤ ሰዎቹን መልሶ ማግኘት ግን እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ በሌላ ጉዳይ የመጣውን፣ ልጅ ያሳከመችውን እናትም ሆነ ያስታመመውን አባት፣ 40 ዓመት ከሞላቸው በዚያው በተመላላሽ ክፍል ይለኩ። ከመጀመርዎ በፊትም አምሎዲፒንና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የተባሉት የግፊት መድኃኒቶች ለስንት ወር እንደሚበቃ ከፋርማሲው ጋር ያስሉ፤ ግፊት አለብህ ተብሎ መድኃኒት የለም የተባለ ሰው በድጋሚ አይመጣምና። ግፊቱ ለተስተካከለለት የሦስት ወር መድኃኒት መስጠት ከሩቅ ቀበሌ የሚመጣውን ገበሬ ከቀጠሮው እንዳይቀር ያደርገዋል።

በአገራችን ብዙ ወጣቶችን የሚጎዳው የሩማቲክ የልብ ሕመም (ከጉሮሮ ኢንፌክሽን በኋላ የልብ ቫልቮችን የሚጎዳው) በዚህ መንገድ አይለይም፤ ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም ልብ ምቱ ላይ ለየት ያለ ድምፅ የሚሰማበት ልጅ ለኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ምርመራ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይጻፍለት።