ካንዴላ ከተቀየረ በኋላ የሚያንኳኳ የቱርቦ ሞተር

ጥያቄ፦ መኪናዬ ባለ 1.6 ሊትር ቱርቦ ሲሆን ቤንዚኑን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጭ ሞተር አለው። አራቱን ካንዴላዎች ራሴ ከቀየርኩ ወዲህ፣ በከፍተኛ ማርሽ ላይ ሆኜ ዳገት ስወጣና ነዳጅ ስጨምር ጠጠር በቆርቆሮ ውስጥ ሲናወጥ የሚመስል ድምፅ ይሰማኛል። በሚኒሞ ሲሠራ ግን ጸጥ ያለ ነው፤ የማስጠንቀቂያ መብራትም አልበራም። ቀድሞ የነበረው ዓይነት ካንዴላ ስላልተገኘ ሻጩ የሌላ ኩባንያ ምርት ሰጥቶኛል፤ በሁለቱም ላይ 7 ቁጥር ስላለ አንድ ናቸው ብሎኛል። አንድ ወዳጄ የካንዴላውን ክፍተት አስፋው ሲለኝ፣ ሌላው ኦክቴን (ቤንዚኑ ማንኳኳትን የሚቋቋምበትን አቅም) የሚያሳድግ ፈሳሽ ጨምርበት ይለኛል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ድምፁ ሞተሩ ጭነት ሲበዛበት ብቻ መሰማቱ ችግሩ ከቢዬላ (የፒስተኑ ክንድ) ወይም ከብሮንዚና (የክንዱ ማረፊያ) መበላት ይልቅ ከነዳጁ አነዳደድ ጋር የተያያዘ መሆኑን ያመለክታል፤ ከካንዴላው ለውጥ ጋር አብሮ መጀመሩ ደግሞ ፍለጋው ከዚያው ሥራ እንዲነሣ ያስገድዳል። ስለዚህ ሞተሩን ለማስፈታት አይቸኩሉ።

ከሁሉ አስቀድመን የምንጠረጥረው 7 ቁጥሩን ነው። ይህ ቁጥር ካንዴላው ከሚነድደው ጋዝ የተቀበለውን ሙቀት ወደ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) የማስተላለፍ አቅሙን የሚያመለክት ሲሆን፣ ኩባንያዎች ግን በአንድ ሚዛን አይለኩትም። በኤንጂኬና በዴንሶ ካንዴላዎች ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ካንዴላው ቀዝቃዛ ነው፤ ማለትም ሙቀቱን ቶሎ ያስወግዳል። በቦሽና በቻምፒዮን ተቃራኒው ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ሞቃት ይሆናል። አቆጣጠራቸው ወደ አንድ አቅጣጫ በሚሄደው በኤንጂኬና በዴንሶ መካከል እንኳ፣ የኤንጂኬ 7 የሚመሳሰለው ከዴንሶ 22 ጋር ነው። የሁለቱን ኩባንያዎች ስም ስላልገለጹልን በእርግጠኝነት መፍረድ ባንችልም፣ የቁጥሮቹ መመሳሰል ብቻውን ለምንም ነገር ማስረጃ አይሆንም። በካንዴላው ላይ የተጻፈውን ሙሉ መለያ ገልብጠው ከመኪናው መመሪያ መጽሐፍና ከካንዴላ አምራቹ የማመሳከሪያ ሰንጠረዥ ጋር ያስተያዩ። በዚያው አጋጣሚ የጥርሱን (የሚጠመዘዘውን ክፍል) ርዝመትም ይለኩ፤ ከሚገባው በላይ ረዝሞ ወደ ማንደጃው ክፍል የገባ ጥርስ ራሱ ይግላልና።

ጉዳዩ ይህን ያህል የሚያሳስበው የካንዴላው ጫፍ በደህና የሚሠራው በግምት ከ500 እስከ 850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ስለሆነ ነው። ከዚያ በታች ጥላሸት ይይዛል፤ ከዚያ በላይ ሲግል ደግሞ ብልጭታው ገና ሳይመጣ ድብልቁን ራሱ ሊያቀጣጥለው ይችላል። ቱርቦ በሌለው ሞተር ላይ ጎልቶ የማይታወቅ የአንድ የሙቀት ደረጃ ልዩነት፣ አየር ታምቆ በሚገባበት ሞተር ላይ በተለይም ዳገት ላይ ራሱን ይገልጣል፤ ችላ ከተባለም ፒስተን እስከ ማቅለጥ ሊደርስ ይችላል።

ካንዴላው ትክክለኛው ዓይነት ሆኖ ከተገኘ ቀጣዩ ጥያቄ እንዴት ጠበቀ የሚለው ነው። ካንዴላ አብዛኛውን ሙቀቱን የሚያስወጣው በጥርሱና በመቀመጫው በኩል በመሆኑ፣ የላላ ካንዴላ ደረጃው ትክክል ቢሆንም እንኳ ከመጠን በላይ ይግላል። ቴስታታው አሉሚኒየም ሲሆን፣ ሮንዴላ (የብረት ቀለበት) ላለው ባለ 14 ሚሊ ሜትር ካንዴላ አብዛኛውን ጊዜ ከ25 እስከ 30 ኒውተን ሜትር፣ ለባለ 12 ሚሊ ሜትሩ ደግሞ ከ15 እስከ 20 ኒውተን ሜትር ይበቃል፤ የመኪናዎ መመሪያ ሌላ ቁጥር ከሰጠ ግን እሱ ይቀድማል። ይህን በእጅ ግምት ማግኘት አስቸጋሪ ስለሆነ ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ መፍቻ) ቢዋሱ ይሻላል። የአሮጌው ካንዴላ ሮንዴላ ጉድጓዱ ውስጥ ቀርቶ በላዩ ሌላ እንዳልተደረበ በባትሪ ብርሃን ይመልከቱ። ጥርሱን ቅባት መቀባት ብዙ መካኒኮች የሚወድዱት ልማድ ነው፤ ይሁንና በተቀባ ጥርስ ላይ ያው የማጥበቂያ ኃይል ካንዴላውን ከሚገባው በላይ ስለሚያጠብቀው፣ የካንዴላ አምራቾች በአብዛኛው አይመክሩትም፤ እኛም አንመክርም።

ሞተሩ ፍጹም ከቀዘቀዘ በኋላ ካንዴላዎቹን አውጥተው በየሲሊንደራቸው ቅደም ተከተል ይደርድሯቸው። የነጭ ሸክላው ጫፍ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ደህና ነው። ወረቀት መስሎ ከነጣና አረፋ የመሰለ እብጠት ካወጣ ወይም ኤሌክትሮዱ (ብልጭታው የሚዘልበት የብረት ጫፍ) ከቀለጠ ካንዴላው ከመጠን በላይ ግሏል፤ በሸክላው ላይ የተረጩ ጥቃቅን ጥቁር ወይም ብርማ ነጠብጣቦች ካሉ ደግሞ ማንኳኳቱ ፒስተኑን መጉዳት ጀምሯል ማለት ሊሆን ስለሚችል መንዳትዎን ያቁሙ። ምልክቱ በአንዱ ላይ ብቻ ከታየ የዚያ ካንዴላ አጠባበቅ፣ በአራቱም ላይ ከታየ ደግሞ የካንዴላው ዓይነት ወይም ቤንዚኑ ይጠረጠራል።

አሮጌዎቹን ካልጣሏቸው ግን ከዚህ ሁሉ የሚቀልል ፈተና አለ፤ ሸክላቸው ካልተሰነጠቀ መልሰው ይግጠሟቸውና በዚያው ዳገት ላይ ይሞክሩ። ሮንዴላቸው አስቀድሞ ስለተጨፈለቀ፣ በጣት ከጠበቁ በኋላ የአንድ ዙር 12ኛ ያህል ብቻ መጨመር ይበቃል። ድምፁ ከጠፋ ጥፋተኛው ታውቋል።

ካልጠፋ ካንዴላውን ለማውጣት ሲሉ የነካኳቸውን ነገሮች ይከተሉ። የማንኳኳት ሰንሰሩ ሶኬት ከተላቀቀ የሞተሩ ኮምፒውተር ማንኳኳቱን ሰምቶ ብልጭታውን ማዘግየት አይችልም፤ እንዲህ ያለው ብልሽት ብዙውን ጊዜ ከፒ 0325 የሚጀምሩ ኮዶችን ያስመዘግባል፤ ስለዚህ መብራት ባይበራም በመመርመሪያ መሣሪያ ያስነብቡ። የአየር ቱቦዎቹ ማሰሪያም ሳይጠብቅ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። የባትሪውን ገመድ ነቅለው ከነበረ ደግሞ ኮምፒውተሩ ከቤንዚኑ ጋር የተላመደበትን ማስተካከያ ረስቶ እንደገና እየተማረ ይሆናል፤ ይህ ከሆነ ድምፁ በተረጋጋ መንዳት እየቀነሰ ይሄዳል።

የወዳጆችዎን ምክር በተመለከተ፣ ክፍተቱን ማስፋት ማንኳኳትን አያስቀርም። የታመቀ አየር ብልጭታን ስለሚያከብደው በብዙ የቱርቦ ሞተሮች ክፍተቱ ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ቢያሰፉት ሞተሩ መሳት ይጀምራል፣ ለብልጭታው ኃይል የሚሰጠው ቦቢናም ሊጎዳ ይችላል። የካንዴላው ጫፍ ኢሪዲየም ከተባለው ብረት የተሠራ ከሆነ ደግሞ ቀጭኑን ጫፍ ለማስተካከል መሞከር ራሱ ሊሰብረው ይችላል። ፈሳሹ የተሻለ ሐሳብ ቢመስልም፣ ካንዴላው ከመቀየሩ በፊት በዚያው ቤንዚን ያለ ድምፅ ይነዱ ከነበረ ምልክቱን ከመሸፈን አያልፍም። በለውጡ ሰሞን ከሌላ ማደያ ቀድተው ከሆነ ግን ታንከሩ ሲጋመስ መመሪያው የሚጠይቀውን ኦክቴን ያለው ቤንዚን ሞልተው ልዩነቱን ያዳምጡ።

ሁሉም ተፈትሾ ምንም ካልተገኘ ዘይቱን ያስቡ። እንደ እርስዎ ባሉ በቀጥታ የሚረጩ የቱርቦ ሞተሮች ላይ፣ በዝቅተኛ ዙርና በከባድ ጭነት ድብልቁ ያለ ጊዜው የሚቀጣጠልበት ችግር የታወቀ ሲሆን፣ ከ2020 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የኤፒአይ ኤስፒ የሞተር ዘይት ደረጃ ይህን መከላከልንም ይመለከታል። ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ ዳገት ላይ ማርሽ ቀንሰው ዙሩን ከፍ ያድርጉ፣ ነዳጅ መስጫውንም እስከ ታች አይርገጡ፤ ድምፁ በሚኒሞም መሰማት ከጀመረ ሞተሩን አጥፍተው መኪናውን አስጎትተው ወደ ጋራዥ ይውሰዱ።