የቤተሰብ መኪና ለመቀየር ለምታስቡ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

ዕድሜዬን በድሬዳዋ ጋራዦች ውስጥ በመካኒክነት፣ ከዚያም የሚሸጡና የሚገዙ መኪኖችን በመመርመር ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። አሁንም ወጣት ባልና ሚስት ያረጀች ሚኒቫናቸውን ሸጠው ሌላ ያገለገለ መኪና ለመግዛት ሲያስቡ ምክር ሊጠይቁኝ ይመጣሉ። ብዙዎቹ ሲመጡ መኪናውን አስቀድመው መርጠዋል፤ ለምን እንደመረጡት ስጠይቃቸው የምሰማው መልስ ብዙ ጊዜ «ሲሸጥ አያከስርም» የሚል ነው። ዋጋውን የሚይዝ መኪና መፈለግ ነውር የለበትም። ሆኖም መኪናው እስኪሸጥ ድረስ ለዓመታት ልጆቻችሁንና እናቶቻችሁን ይዞ በድሬዳዋ ሙቀትና ወደ ሐረር በሚያወጣው በደንገጎ ዳገት የሚመላለስ በመሆኑ፣ መፈተን ያለበትም በዚያው ሙቀትና በዚያው ዳገት ነው።

ከሁሉ በፊት አሮጌዋን ሚኒቫን መሸጥ በእርግጥ ያስፈልጋችሁ እንደሆነ አስቡበት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አገልግለው በሚገቡ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። በዚህ ምክንያት ቀድሞ የገቡት መኪኖች ተወደዋል፤ በምትሸጡበትና በምትገዙበት ዋጋ መካከል ያለው ልዩነትም ቀላል ገንዘብ አይደለም። ሻሲዋ ደህና የሆነ፣ ሞተሯ ዘይት የማይበላ ሚኒቫን ራዲያተር፣ አሞርዛቶር (የመንገዱን ንዝረት የሚያለዝበው) እና የፍሬን ሸራ ቢቀየርላት ገና ብዙ ታገለግላችኋለች። ሻሲዋን ዝገት ከበላው ወይም ተሰንጥቆ ከተበየደ ግን አንድም ብር አታፍስሱባት።

መግዛቱ ግድ ከሆነ ሰው ቁጠሩ። ከሚኒቫን ወደ ባለ አምስት መቀመጫ መኪና የሚሸጋገሩ ቤተሰቦች ብዙውን ጊዜ በመልኩ ይማረኩና ለቁልቢ ገብርኤል በሚጓዙበት ቀን ሕፃን በጭን፣ ሌላውን ልጅ በሁለት ሰው መካከል አጣበው ያስቀምጣሉ። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ በጭን የተያዘን ልጅ በግጭት ጊዜ የትኛውም የእናት ክንድ ይዞ ሊያስቀር አይችልም። ባለ ሦስት ረድፍ ከሚባሉት ውስጥ ቶዮታ ኖህ፣ ቶዮታ አቫንዛና ሃዩንዳይ ኤች ዋን በየመንገዱ የምታዩዋቸው ናቸው። አቫንዛ ሰባት ሰው ይይዛል፤ ሞተሩ ግን 1.3 ወይም 1.5 ሊትር ብቻ በመሆኑ ሞልቶ ዳገት ሲወጣ ይደክማል፣ ሦስተኛው ረድፍ ሰው ሲቀመጥበትም ለሻንጣ የሚተርፍ ቦታ ስለሌለ ዕቃው ወደ ፖርቶመጋላ ይወጣል። ባለ 2.5 ሊትር ናፍጣው ኤች ዋን ጉልበትም ስፋትም አለው፤ በመጋላ ጠባብ መንገዶችና በሐረር ጁገል በሮች አካባቢ ግን ስፋቱ ራሱ ያስቸግራችኋል።

አሁን ከሁሉ አስበልጬ ወደማየው ነገር ልምጣ፤ እርሱም የሞተሩ ማቀዝቀዣ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። ወደ ሐረርም ሆነ ወደ አዲስ አበባ በነባሩ መንገድ የሚወጣ መኪና በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ይወጣል፤ ይህም ማለት ሞተሩ በጣም በሚሞቅበት ቦታ ላይ በጣም ከባድ ሥራውን ይጀምራል ማለት ነው። ስለዚህ መኪናውን ለማየት በጠዋት ሂዱ፣ ሻጩም አሙቆ እንዳይጠብቃችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት። ስትደርሱ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አሳርፉ፤ ከሞቀ በሌላ ቀን ተመለሱ። ቀዝቃዛ ከሆነ የራዲያተሩን ክዳን ከፍታችሁ ውኃውን ተመልከቱ። የድሬዳዋ ውኃ ኖራ የበዛበት መሆኑን ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ይነግራችኋል፤ ያው ቅርፊት በኩላንት (ለሞተር ማቀዝቀዣ በተሠራው ፈሳሽ) ፈንታ የቧንቧ ውኃ ሲጠጣ በኖረ ራዲያተር ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥም ይጋገርና መተላለፊያውን ይዘጋል። በክዳኑ ሥር ነጭ ቅርፊት ወይም የዝገት ዝቃጭ ካያችሁ የራዲያተሩን ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ላይ ቀንሱ። በውኃው ላይ የዘይት ቅባት ከተንሳፈፈ ግን ስለ ዋጋ መነጋገሩን ትታችሁ ተሰናበቱ፤ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ መቃጠሉን ወይም ቴስታታው ራሱ መሰንጠቁን ሊያሳይ ይችላልና።

ቀጥሎ ቴርሞስታቱ፣ ማለትም ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውኃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚዘጋው ቫልቭ፣ በቦታው መኖሩን አረጋግጡ። ሞተሩ ሲግል ምክንያቱን ከመፈለግ ይልቅ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል በቆላ ከተሞች ጋራዦች የተለመደ ነው። መኪናው ለጊዜው የዳነ ይመስላል፤ ዋናው ሕመም ግን እዚያው ተደብቆ ይቆያል፣ ሞተሩም በቁልቢ ብርድ ሙቀቱን ለማግኘት ስለሚዘገይ ነዳጅ ያባክናል። ይህን ለማወቅ መፍቻ አያስፈልጋችሁም። ሞተሩን አስነሥታችሁ ወደ ራዲያተሩ አናት የሚገባውን ወፍራም ጎማ በየጊዜው በእጃችሁ ዳስሱት፣ ከፋኑና ከቺንጋው (ከሚሽከረከረው ቀበቶ) ግን ራቁ። ቴርሞስታት ካለ ጎማው ለደቂቃዎች ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆይና ከዚያ በአጭር ጊዜ ውስጥ ይሞቃል፤ ከሌለ ደግሞ ሞተሩ ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ ቀስ በቀስ ለብ እያለ ይሄዳል።

ከዚያ በኋላ ደንገጎን ውጡ። ሻጩ «እዚሁ ከዚራ ዞር ዞር ካልን ይበቃል» ቢላችሁ አትስማሙ፤ የከዚራ ሰፈር ጥላማና ሜዳማ ጎዳና የትኛውንም መኪና ደህና ያስመስለዋል። ከምሳ ሰዓት በኋላ፣ መቀመጫውን ሁሉ በአዋቂ ሰው ሞልታችሁ፣ ኤሲውን ከፍታችሁ ውጡ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ስለሚያጣ መድከሙ አያስደንግጣችሁ፤ የሙቀት መለኪያው ግን ከመሐል ከፍ ማለት የለበትም። ካምቢዮው (ማርሽ የሚቀያይረው ክፍል) አውቶማቲክ ከሆነ፣ የሞተሩ ድምፅ እየጨመረ ፍጥነቱ የማይጨምር እንደሆነ ልብ በሉ፤ እንዲህ የሚንሸራተትን ካምቢዮ መጠገን አንዳንዴ ሌላ ሞተር ከመግዛት አይተናነስም። ላይ ስትደርሱ ሞተሩን ሳታጠፉ ጥቂት ቁሙና ፋኑ ሲነሣና ሲያርፍ አዳምጡ። ስትወርዱ በከባድ ማርሽ (በዝቅተኛው) ውረዱ፣ ፍሬኑም እየላላ ወደ ታች የሚሄድ ወይም መሪውን የሚያንቀጠቅጥ እንደሆነ አስተውሉ። ሻጩ አብሯችሁ ይቀመጥ፤ ሐቀኛ ሻጭ ይህን ፈተና አይፈራውም።

መቀመጫዎቹን ጎንበስ ብላችሁ ከሥር ተመልከቱ። አንድ ጊዜ ሦስት ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት ሊገዙት የተስማሙበትን ቫን አምጥተውልኝ ምንጣፉን ብገልጠው፣ የኋለኛው ረድፍ እግሮች ስስ ላሜራ ላይ በጥቂት ነጥብ ብቻ ተበይደው አገኘኋቸው፤ ቀበቶ የሚታሰርበት ቦታም አልነበረም። መኪናው ሲሠራ የዕቃ ነበር፤ መቀመጫ የተጨመረለት በኋላ ነው። ቀለሙ ያበራ ስለነበር ማንም ወደ ሥር አላየም፤ እነርሱም ስነግራቸው ስምምነቱን አፈረሱ፣ እኔም ደስ አለኝ። ፋብሪካ የገጠመው መቀመጫ በሻሲው ማጠናከሪያ ላይ በብሎን የታሰረ ነው። ቀበቶዎቹንም አንድ በአንድ እስከ መጨረሻቸው ስባችሁ አውጧቸው፤ ጥቅልሉ ውስጥ ደለል ወይም የጭቃ መስመር ካገኛችሁ መኪናው ጎርፍ ገብቶበታል። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ የቆዩ ቫኖች ብዙዎቹ ተንሸራታች በራቸው በግራ በኩል ብቻ ስለሆነ፣ በእኛ አገር ልጆች የሚወርዱት መኪና ወደሚያልፍበት ወገን ነው። መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ ከሆነ ደግሞ የመሪውን መገጣጠሚያ መርማሪ ይየው፤ የፊት መብራቱም ከተቃራኒ የሚመጣውን ሾፌር ዓይን የሚወጋ መሆን አለመሆኑን በማታ ፈትኑት።

ኤሲው የማይሠራ ሲሆን «ጋዝ ብቻ ነው የጎደለው» ይባላል። ጋዝ እንደ ነዳጅ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ከጎደለ የሚያፈስ ቦታ አለ። በጎማው ጎን ላይ ያሉት አራት አኃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ማለት በአውሮፓውያን 2019 በ23ኛው ሳምንት ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማም በዕድሜ ይደርቃል፣ በሚኤሶና በአዋሽ ሙቀት የሚፈነዳውም እንዲህ ያለው ነው።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የምትጠይቁኝ እየበዛችሁ ነው። ባለ ሦስት ረድፉን ቮልስዋገን አይዲ 6ን የመሰሉ አሉ፤ ለከተማ ውስጥ ኑሮና ሐረር ደርሶ ለመመለስ ደህና ናቸው። ሙቀት ባትሪን ስለሚያስረጅ በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ ባትሪ ያለውን ብቻ ምረጡ፣ የባትሪውን ጤንነት በኮምፒውተር ሳታስነብቡም ቀብድ አትክፈሉ።

ወረቀቱን በተመለከተ የሻሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር በገዛ ዓይናችሁ አስተያዩ። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ፣ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ ካለበት ስም ማዛወር ስለማይቻል ይህን ከገንዘቡ በፊት አጣሩ። በውክልና ብቻ አትግዙ፤ ሻጩ በሞት ቢለይ ውክልናው ሊቋረጥ ይችላልና፣ የምትከራከሩትም ከወራሾች ጋር ይሆናል። ውሉን በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ፈርሙ፣ ስሙንም ወዲያው አዛውሩ።

ያላችሁን ገንዘብ በሙሉ ለሻጩ አትስጡ። ከዚያ ላይ ያስቀራችሁት በመጀመሪያው ሳምንት ለዘይት፣ ለፊልትሮና ለኩላንት ይውላል፤ የታይሚንግ ቺንጋ (የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ የሚያጣጥመው ቀበቶ) ባለው ሞተር ላይ ደግሞ ሻጩ «በቅርቡ ቀይሬዋለሁ» ብሎ ደረሰኝ ካላሳያችሁ ቺንጋውን ከውኃ ፓምፑ ጋር አብራችሁ አስቀይሩት፤ በብዙ ሞተሮች ላይ ሲበጠስ ቫልቮቹን ከፒስተኑ ጋር አጋጭቶ ያጣምማቸዋልና።