ከአሮጌ ቤት ግድግዳ ሥር የሚወጡ አሻራዎች፦ ጥያቄና መልስ ከአዳማ

አዳማ ውስጥ አሮጌ ቤት እያደሳችሁ ላላችሁ አባላት በሙሉ፦ ጥያቄያችሁን ከመመለሴ በፊት አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ያገኛችሁትን ማንኛውንም ነገር ከቦታው ሳታነሡ ባለበት ፎቶግራፍ አንሡት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ፍራንኮ አካባቢ የወረስነውን የጭቃ ቤት ስናድስ ከኖራው ሥር ተደራርቦ የተለጠፈ ጋዜጣ ወጣ። ቀኑ ያለበት ጫፍ ተቀድዷል። የቤቱን ዕድሜ ከዚህ ማወቅ ይቻላል?

መልስ፦ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ጥያቄ ይህ ነው። ጋዜጣ ቤቱ መቼ እንደተሠራ አይናገርም፤ የሚናገረው ያ ሽፋን ከየትኛው ጊዜ በፊት ሊለጠፍ እንደማይችል ብቻ ነው፤ የተነበበ ጋዜጣ ለሱቅ መጠቅለያነት ይሸጥ ስለነበር፣ ከታተመ ከዓመታት በኋላም ግድግዳ ላይ ሊወጣ ይችላል። «አዲስ ዘመን» መታተም የጀመረው በ1933 ዓ.ም. ነውና የእሱ ቅጠል ያለበት ሽፋን ከዚያ ወዲህ የተለጠፈ ነው። ቀኑ ቢቀደድም ጽሑፉን ረጋ ብላችሁ አንብቡት፤ ስለ «ግርማዊ ንጉሠ ነገሥት» የዕለት ተግባር የሚያወራ ዜና ንጉሡ ከወረዱበት ከመስከረም 1967 ዓ.ም. በፊት የታተመ ሲሆን፣ «ኢትዮጵያ ትቅደም» የሚለው መፈክር ደግሞ ወደ ደርግ ዘመን ይወስዳችኋል። የጨረታና የፍርድ ቤት ጥሪ ማስታወቂያዎችን አትለፉ፤ የመቅረቢያ ቀናቸው ብዙ ጊዜ በውስጣቸው ተጽፏል። ሽፋኑ ሳይፋቅ የሚቆየው በክፍሉ ማዕዘንና ከበሩ መቃን ጀርባ ስለሆነ፣ የትኛው በየትኛው ላይ እንደተለጠፈ ከዚያ ጀምራችሁ መዝግቡ። ሙጫው ከዱቄት የተፈላ ስለሆነ በውኃ ይለቃል የሚል ምክር ትሰሙ ይሆናል፤ እባካችሁ አታርጥቡት፤ የጋዜጣ ወረቀት ሲርስ ይበጣጠሳል። የአዳማን ነፋስና አቧራ ለመከላከል የለጠፉት ሰዎች ሳያስቡት የዘመናቸውን መዝገብ ትተውልናልና፣ ቢቻል አንዱን ክፍል በመስታወት ሸፍናችሁ እዚያው አቆዩት።

ጥያቄ፦ ወለል ስንቆፍር 1780 የሚል የብር ገንዘብ አገኘን። ቤቱ የዚያን ጊዜ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ያገኛችሁት ማርትሬዛ ነው፤ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት የብር ገንዘብ። ከንግሥቲቱ ሞት በኋላም ያው 1780 የሚለው ዓመት ሳይለወጥ ሲመታ ስለኖረ፣ ዓመቱ ስለ ቤታችሁ ምንም አይነግራችሁም። በአሸዋም በሎሚም አታጽዱት። የተገኘበትን ጥልቀት ለኩ፤ ፎቶግራፍም አንሡ። ለግንባታ ሲቆፈር ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው የቅርስ አካል ማሳወቅ እንዳለበት አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይደነግጋል።

ጥያቄ፦ ወርቅ የሚፈልግ መሣሪያ የት ይከራያል?

መልስ፦ በዚህ ጉዳይ አልረዳዎትም።

ጥያቄ፦ ግድግዳው ውስጥ አንድ ነገር አገኘሁ። ምንድን ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከምን እንደተሠራ፣ መጠኑን፣ ከየትኛው ክፍልና ከስንት ሽፋን ሥር እንደወጣ ሳይገልጹ እንዴት ልመልስ? ፎቶግራፉ የት አለ?

አንድ አባል፦ አዳማ ላይ ያለ የድንጋይ ቤት ሁሉ ጣሊያን የሠራው ነው፤ ይህን ያህል መመራመር አያስፈልግም።

ሌላ አባል፦ በፍጹም። ከጅቡቲ ተነሥቶ በአዳማ በኩል ያለፈው ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ጣሊያን ከመምጣቱ በፊት በመስመሩ ላይ ግንባታ አልነበረም ሊሉን ነው?

የመጀመሪያው አባል፦ አያቴ በዓይናቸው ያዩትን ነው የነገሩን።

መልስ፦ ሁለታችሁም ከጥያቄው ወጥታችኋል። የጣሊያን ወረራ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊትም በኋላም በድንጋይ የሠራ ብዙ ነው። የአያትዎን ቃል ጽፈው ያስቀምጡት፤ ማስረጃውን ግን ከቤቱ ይፈልጉ። ለወራጅነት የገባ አሮጌ ሐዲድ ካለ ጎኑን በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉት፤ የፋብሪካው ስምና የተሠራበት ዓመት ብረቱ ላይ ጎልቶ ሊገኝ ይችላል። ዓመቱ የአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆነ ወደ እኛ ሲመልሱት ሰባት ወይም ስምንት ይቀንሱ፤ ሐዲዱ ከመስመሩ ተነሥቶ እዚህ የገባ ሊሆን ስለሚችልም የብረቱን ዓመት የቤቱ ዓመት አያድርጉት። ስለ ጋዜጣው ያልኩት እዚህም ይሠራል።

ጥያቄ፦ ኮርኒስ ውስጥ ጥይት የሚመስል ነገር አለ።

መልስ፦ አይንኩት። ሰው ያስወጡና ለፖሊስ ይደውሉ።

ጥያቄ፦ ግድግዳችን ተሰንጥቋል፤ ምን እናድርግ?

መልስ፦ መሐንዲስ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ እኛም ጋዜጣ አግኝተናል፤ በውኃ ብናነሣውስ?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። አታርጥቡት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሠራተኞቹ ነገ ጠዋት ግድግዳውን ሊያፈርሱት ነው። ኖራው ላይ በእርሳስ የተጻፈ ነገር ያለ ይመስለኛል፤ ግን አይነበብም። በአንድ ሌሊት ምን ማድረግ እችላለሁ?

መልስ፦ ብዙ ነገር ይቻላል፣ ልጄ። ክፍሉን አጨልሚና ባትሪውን ከግድግዳው ጎን አስጠግተሽ አብሪ፤ ከፊት ለፊት ሲበራ የማይታይ የእርሳስ ጭረት ከጎን ሲበራ ሊለይ ይችላል። መጀመሪያ መላውን ግድግዳ፣ ቀጥሎ እያንዳንዱን መስመር ከጎኑ ማስመሪያ አድርገሽ ፎቶግራፍ አንሺ። የትኛው ክፍልና የትኛው አቅጣጫ እንደሆነ ወዲያው ጻፊ። አሮጌ የዘይት ቀለም ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አትፋቂ፤ ሕፃናትንም አርቂ። ጠዋት ደግሞ ከሠራተኞቹ ቀድመሽ ድረሺና ያ ክፍል በመጨረሻ እንዲፈርስ ለምኛቸው።