መልስ፦ በጣም ለደረቀና ቶሎ ለሚቆጣ ቆዳ ምን ልቀባ?

እህቴ፣ ደብረ ብርሃን ከገባሽ ወዲህ ፊትሽና እጅሽ እየተሰነጠቀ፣ የቀባሽው ሎሽን ሁሉ እያቃጠለሽ እንደሆነ ጽፈሻል። አይዞሽ። ከተማችን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ከደረቁ ነፋስ ጋር ጤነኛውንም ቆዳ ያደርቃል።

መጀመሪያ ሽታ ያለውን ሁሉ ተዪ። ብዙ ጊዜ የሚያስቆጣው ሽቶው ነው። ሎሽን ውሃው ይበዛል፤ ለአንቺ ወፈር ያለ ክሬም ይሻላል። ግሊሰሪን ወይም ሴራማይድ (በቆዳ ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኝ የቅባት ዓይነት) ካለበት ጥሩ ነው። ዩሪያ (ደረቅ ቆዳን የሚያለሰልስ ንጥረ ነገር) ያለበት ክሬም ለተረከዝ ግሩም ነው፣ የተሰነጠቀ ቦታ ላይ ግን ያቃጥላል።

ገንዘብ ካጠረሽ ሽታ የሌለው ተራ ቫዝሊን ይበቃሻል፤ ከልቤ ነው የምልሽ። ቫዝሊን ራሱ እርጥበት አይሰጥም፣ ያለውን እንዳይተን ይይዛል እንጂ። ስለዚህ ውሃ ሳይነካው በደረቁ አትቀቢው። ለብ ባለ ውሃ ታጠቢ፣ በፎጣ ሳታሺ ውሃውን ቀስ ብለሽ አድርቂ፣ ገና ረጠብ እንዳለ ወዲያው ተቀቢ። በዚህ ብርድ በጣም ሙቅ ውሃ እንደሚያጓጓ አውቃለሁ፤ ግን የቆዳሽን የራሱን ቅባት አጥቦ ይወስደዋል።

አዲስ ነገር ስትገዢ ክንድሽ ላይ በውስጥ በኩል ትንሽ ቀብተሽ ጥቂት ቀን ጠብቂ።

አንድ ነገር ግን አደራ! ሰው «ይሄ ፍቱን ነው» ስላለሽ ብቻ እንደ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል ያለውን የስቴሮይድ ቅባት (ጠንካራ የቆዳ መድኃኒት ነው) ሐኪም ሳያዝልሽ ፊትሽ ላይ እንዳታደርጊ። ለጊዜው ያለሰልሳል፣ ውሎ አድሮ ቆዳውን ያሳሳዋል። ቁስሉ ውሃ ካዠ ወይም ማሳከኩ እንቅልፍ ከነሳሽ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ።